የደሜ ተርጓሚ፣ ጋሼ ሽፈራው

ሐበሻ ባለበት ሁሉ የሰውን የምርመራ ውጤት ከሐኪሙ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ፣ በፈረንጅ አገር የሃሉንዳ ሰፈር ነዋሪዎቹ፣ ክቡር ዶክተር ጋሼ ሽፈራው ናቸው። ሕክምናን የተማሩት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ አስራ አራት ዓመት የሐኪሞችን ጋውን አጥበዋል።

ከቅዳሴ መልስ ሃሉንዳ ሴንትሩም፣ የገበያ ማዕከሉ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛም የምርመራ ውጤት ደብዳቤያችንን ይዘን እንሰለፋለን። የእትዬ ተጂቱን ስኳር «ከንዴት ነው» ብለዋል። በሽተኛው ሲድን «አላልኩም?» ይላሉ፤ ሲብስበትም «አላልኩም?»

የኔ ተራ በፈረንጆቹ 2006፣ በሁዳዴ መሃል ደረሰ። የምሠራው የመኪና አሮጌ ባትሪ በሚፈታበት ፋብሪካ ስለሆነ፣ ደማችን ውስጥ የገባው የእርሳስ ብረት በየጊዜው ይለካል። ደብዳቤው «በመጠኑ ከፍ ብሏል፤ ለጊዜው እርግጠኛ ነገር መናገር አይቻልም፤ ከሁለት ወር በኋላ ይደገም» ይላል። ሁለተኛውም ከፍ ካለ ከሥራዬ እንደምነሳ አለቃዬ ነግሮኛል። ልጅ ከተወለደልኝ ገና ወሩ ነው። ፈራሁ።

ጋሼ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ደምህ ሲወሰድ እጅህን ታጥበህ ነበር?»

«መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይታከምም። የሥራ ጭምብሉስ?»

«ጢሜ ላይ አልገጥም ይለኛል።»

«ቁርስ በልተህ ነው የምትገባው?»

«በሁዳዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ።»

ደብዳቤውን ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ሳይቀር መረመሩት።

«አላውቅም» አሉ።

ከደብዳቤው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ጋሼ ሽፈራው አላውቅም ካሉማ አለቀልኝ።

በማግስቱ ግን የፋብሪካው ሐኪም ዘንድ አብረውኝ ሄዱ፤ ስለ ጾሜም እሳቸው ቀድመው ተናገሩ። ሐኪሟ ባዶ ሆድ እርሳስን አብልጦ እንደሚስብ አስረዳችን። «ምክንያቱ እሱ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም» አለች። ጋሼ እዚያው ኮሪደር ላይ ለንስሐ አባቴ ደውለው ቁርሴን አስፈቀዱልኝ። ጢሜንም አስላጩኝ።

ከፋሲካ በኋላ ምርመራው ሲደገም ውጤቱ ወረደ። ቁርሱ ይሁን ጢሙ ወይስ የታጠበው እጅ፣ ሐኪሟ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም። ደብዳቤውን ይዤ ወደ አግዳሚው ሮጥኩ። ጋሼ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሃረብ ጠረጉ።

«አላልኩም?» አሉ።

አላሉም።

«ብለዋል፣ ጋሼ» አልኳቸው።