ሊቀ ተስፋ ጋሽ ሙላቱ እና የሂሩት የመጨረሻ ፈተና

ሐበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ አንድ «ለበጎ ነው» ባይ አይታጣም። ስዊዘርላንድም የራሷ አላት፤ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን የሚኖሩት ጡረተኛ፣ ሊቀ ተስፋ፣ መጋቤ ማጽናናት ጋሽ ሙላቱ።

እሳቸው ፊት መከራ ማውራት ድካም ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ «ለበጎ ነው» ይሉታል። አምላኩ የሚባለው ልጅ ሠርጉ፣ አዳራሹን የቧንቧ ውሃ ሞልቶት ሲተላለፍ፣ «ለበጎ ነው፤ ሙሽራዋን ደግመህ እያት» አሉት፤ እስከ ዛሬ አኩርፏቸዋል። ባለፈው ክረምት ራሳቸው ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ በረዶ አንሸራቷቸው ክንዳቸው ተሰበረ። አምቡላንስ ውስጥ ሆነው እንኳ ተመስገን ይሉ ነበር። የተሰበረው ግራው ነውና «ማማተቢያዬን ተወልኝ» አሉ።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የቻለችው የልጅነት ጓደኛቸው ልጅ ሂሩት ናት። ሂሩት የምትኖረው ጄኔቭ፣ ቬርኒየ ነው። ለዓመታት ሆቴል ስታጸዳ ኖራ፣ በመጨረሻ የትራም ሹፌርነት ሥልጠና ገባች። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ ከፍርሃት ብዛት ዐይኗ ሐዲዱ ላይ ተተክሎ እግረኛውን ረስታ ነበር። ጋሽ ሙላቱ ደወሉና «ለበጎ ነው፤ ዐይንሽን ሊያሰፋልሽ ነው» አሏት። ሁለተኛውንም ወደቀች፤ በጥድፊያ ትራሙ ሳይቆም በር ልትከፍት ስትል ተያዘች። «ለበጎ ነው፤ እጅሽን ሊያስታግሥልሽ ነው» ሲሏት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። የሚያናድደው ነገር፣ በልምምድ ላይ ዐይኗ ቀስ በቀስ እየሰፋ፣ እጇም እየታገሠ መምጣቱ ነው። ይህንን ለሳቸው ከመንገር ግን ሞቷን ትመርጣለች።

ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነበር። ከወደቀች ሥልጠናው ያበቃል፤ ተመልሳ ወደ ሆቴሉ መጥረጊያ። ሐበሻ ደግሞ እንኳን ፈተናውን፣ ቪዛውንም የሚናገረው አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሂሩትም ቀኑን ደብቃ ነበር፤ ጋሽ ሙላቱ ግን አዋዝተው ቀኑንም መስመሩንም አወጣጧት። በማግሥቱ የሰበካው ቴሌግራም ላይ «እኅታችን ሂሩት ማክሰኞ ታልፋለች፤ ከወዲሁ አመስግኑ» ብለው አወጁ። ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ ያልሰማ የለም። እዚያው ጄኔቭ፣ ላንሲ ሰፈር የሚኖሩት እትዬ ተናኘወርቅ ለእመቤታችን ጥላ መሳላቸውን ደውለው ነገሯት። እንኳን ደስ አለሽ ያሏትም ነበሩ። ሂሩትን በንዴት እንጀራ አልወርድ አላት።

ማክሰኞ ዝናብ ነበር። ተሳፋሪ የሌለበት ትራም፣ ከኋላዋ ማስታወሻ የያዙ ሴት ፈታኝ፣ ከፊቷ እርጥብ ሐዲድ። ላንሲ ስትደርስ፣ ገና ከሩቅ፣ ፌርማታው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር አየች። ነጠላ ነው። ነጠላውን የለበሱት ሰው የጥንቃቄውን መስመር አልፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ከነጠላው ይልቅ ገና ባልፈቱት የግራ ክንዳቸው ማሰሪያ ለየቻቸው። ደወለች፤ አልሰሙም። ፍጥነቷን ቀነሰች፣ እንደገና ደወለች፣ ከዚያም ሳትጣደፍ ትራሙን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ጋሽ ሙላቱ ዐይናቸውን ገልጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ለትራሙ እጅ ነሱ። ፈታኟ የሆነ ነገር ጻፉ። ሂሩት «አለቀልኝ» አለች በልቧ።

መጨረሻው ላይ ፈታኟ እጇን ጨበጡ። አልፋለች። ብዙዎች ሐዲዱን ብቻ እንደሚያዩ፣ እሷ ግን ነጭ የለበሱትን ሽማግሌ ቀድማ አይታ በእርጋታ ማቆሟ እንዳስደሰታቸው ነገሯት። ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ ወይ ሲሏትም፣ እንደ ጴጥሮስ፣ አላውቃቸውም ብላ ካደች።

ከዚያ በደስታ እየዘለለችም፣ በንዴት እየጋለችም ላንሲ ተመለሰች። የምትላቸውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅታለች፤ ሥራዋን ሊያሳጧት እንደነበር፣ ራሳቸውንም ሊያስገድሉ እንደነበር። ጋሽ ሙላቱ እዚያው ቆመዋል፤ መጠለያው ውስጥ ከገቡ ሐዲዱ አይታያቸውምና ዝናቡ አበስብሷቸዋል። አፏን ሳትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«ወደቅሽ?»

ሂሩት ደነገጠች። ለሕዝበ ክርስቲያኑ ማለፏን ያወጁት እሳቸው አይደሉም እንዴ?

«ጋሼ፣ እርስዎም ይፈራሉ?»

«ባልፈራማ በመጀመሪያው ባቡር ከዙሪክ ድረስ ምን አመጣኝ ልጄ? ቤት ቁጭ ብዬ መጠበቅ አቃተኝ። እኔ እግዜርን አጥብቄ የምይዘው ስፈራ ነው።»

ያዘጋጀችው ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋባት። «አልፌያለሁ ጋሼ» አለችና እልልታዋን ለቀቀችው፤ ትራም የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ጋሽ ሙላቱ ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን በእርጥብ ነጠላቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሂሩት አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።