ተጠባባቂዋ በቀቀን

ኃላፊነት የሚሰማው ሰው እንደ ብርቅዬ ወፍ ቁጥሩ እየመነመነ በሄደበት በዚህ ዘመን፣ ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለውን ሰው በባልነት ይዛ መኖሯ ዕድለኛ ያሰኛታል። ይህን ዕድሏን በቅጡ ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ባሏ በአንድ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል ኃላፊ ነው። ሰፈርተኛው "አቶ ጥንቃቄ" ይለዋል። ጠዋት በሩን ቆልፎ ይወጣል፤ ከመንገዱ ጥግ ተመልሶ መቆለፉን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለችውን ሚስቱን ጠርቶ፣ "እስቲ አንቺም ከውስጥ ነቅነቅ አድርጊው" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በቀቀን ልግዛ ብሎ ሲነሣ፣ ያውም ዋጋዋ ከመኪና የማይተናነስ፣ ከጭራዋ እስከ ግንባሯ ሰማያዊ የሆነች ብርቅዬ በቀቀን፣ ዘሎ ገበያ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ በዕድሜው አንዲት ነገር አፍስሶ አያውቅም፤ ተሸክሞ ስለማያውቅ።

ወፍ አርቢዋ ጠጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት ናት። ባልና ሚስቱን አቁማ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

"ገንዘቡንማ ሁሉም ይዞ ይመጣል" አለች። "ይቺ ወፍ ከሰው እኩል ዕድሜ አላት። ጭስ ይገድላታል፤ ጩኸት ያሳምማታል። የሚያናግራት ካጣች ደግሞ ላባዋን በገዛ አፏ እየነቀለች ትጨርሰዋለች። ለማያውቁት ሰው አልሰጥም። አስቀድመህ ባዶውን የሽቦ ጎጆ ውሰድና ሦስት ወር ተለማመድ። ወፏ ውስጡ እንዳለች ቁጠር። ከዚያ መጥቼ አይሃለሁ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። አቶ ጥንቃቄ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ መመሪያ የሚሰጠው ሰው ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ጎጆው ሳሎን በገባበት ምሽት፣ ሰውየው ከራት ላይ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ታዳሚዋ ሚስቱ ናት።

"በዛሬው ዕለት ቤታችን ወደ አዲስ ምዕራፍ ተሸጋግሯል። ከዚህ አንጻር ሁሉም ባለድርሻ አካላት የበኩላቸውን እንዲወጡ አቅጣጫ ተቀምጧል።"

"ባለድርሻዋ እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ።"

"እና ምኑን ነው የምወጣው?"

"ወፏ ብቻዋን መዋል የለባትም። የስፌት መኪናሽን ከጓዳ አውጥተሽ ከጎጆው አጠገብ፣ መስኮቱ ጋ ታደርጊዋለሽ።"

ልብስ ሰፊዋ ጓዳው ጨለማ ነው፣ መርፌ መሰካት አቃተኝ፣ ዓይኔ ደከመ እያለች መስኮቷን ስትለምን፣ "እንግዳ ቢመጣስ?" እየተባለች ዓመታት ያለፉባት ሴት ናት። ለሌለች ወፍ ሲባል መኪናው በአንድ ጀንበር ብርሃን አየ።

ጠዋት ሰውየው ካልሲውን እንዳጠለቀ መጥቶ ጎጆው ፊት ቆመ።

"እንደምን አደርሽ? እንቅልፍ ወሰደሽ?"

"ደህና ነኝ፤ ትንሽ ወገቤን…" አለች ሚስት፣ ድንግጥ ብላ።

"አንቺን አይደለም" አላት።

የሚገርመው ግን "አንቺን አይደለም" ሲል እንኳ ድምፁ ለስላሳ ነበር። በጎጆው አካባቢ መጮህ ክልክል ነዋ! ድሮ ከመኝታ ቤት ሆኖ "ሻይ!" ሲል ጎረቤት ውኃ ይጥድ ነበር፤ አሁን ሻይ ሲያምረው በጣቱ እየተራመደ ይመጣና በሹክሹክታ ይጠይቃል። ሲጋራውን ዝናብ ቢጥልም ጃንጥላ ይዞ ደጅ ቆሞ ያጨሳል። የወፏን ፓፓያ ራሱ ልጦ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ በጣት ልክ ከትፎ ጎጆው ውስጥ ያኖራል። ማታ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። "ዛሬ በደንብ በልታለች" ይላል ረክቶ። ሚስቱ አፏን ትጠርጋለች። ሙያ በልብ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የማታው ወግ ነበር። አርቢዋ ባዘዘችው መሠረት፣ ሰውየው በየምሽቱ ወንበር ስቦ ለጎጆው ውሎውን ይተርካል። አዲሱ አለቃ ከሰፊው ቢሮ አውጥቶ ከደረጃው ሥር ያለች ክፍል እንዳስገባው ተናገረ። ጸሐፊዋ እንኳ ሰላምታ እንደነሣችው ተናገረ። ሥራ የበዛበት ለመምሰል፣ ከሥራ ወጥቶ እስኪመሽ መናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ እርግብ ሲያይ እንደሚቆይም ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አቁማ ሰማች። ያን ሁሉ ማምሸት የሌላ ሴት ሥራ ነው ብላ ስንት ሌሊት ትራሷን አርጥባ ነበር። ለካ ጣውንቷ አግዳሚ ወንበር ኖሯል።

ታናሽ እህቷ አንድ ቀን ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ይህን ጉድ በዓይኗ አየች። ሰውየው ደጅ እስኪወጣ አፏን በመዳፏ አፍና ቆየች።

"እትዬ፣ ሰውዬሽ አበደ እንዴ? ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወፍ አለኝ በባዶ ጎጆ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው!"

"ዝም በይ፣ እንዳትነኪብኝ። እስከ ዛሬ ጤነኛ ነበር፤ ምን ተጠቀምኩ?"

"እሺ፣ ወፏ ስትመጣስ?"

የልብስ ሰፊዋ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ።

"ክር ትውጣለች ብሎ መኪናዬን ወደ ጓዳ ይመልሰዋል። ማታም በር ዘግቶ ብቻዋን ነው የሚያጫውታት፤ ሌላ ሰው ያስደነብራታል ብላለች ሴትዮዋ።"

"ታዲያ ምን ትሆኛለሽ?"

"የነበርኩትን" አለች፤ ፔዳሉንም ረገጠች።

ሦስቱ ወር አለቀና አርቢዋ መጣች። አቶ ጥንቃቄ ከረቫት አስሮ ተቀበላት።

"አፈጻጸማችን እጅግ አመርቂ ነው። በጭስ ረገድ፣ በጩኸት ረገድ፣ በፓፓያ ረገድ…"

"አንተን አልጠየቅኩም" አለችው አርቢዋ፤ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። "ወፍ አፍ አውጥታ አትከስስም። አብሮት የከረመ ይመስክር። ለወፏ ይበቃል ወይስ አይበቃም?"

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። ከረቫቱ ጠምሟል። ለወፏ የጓጓ ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ሆኗል። አንጀቷን በላት። ጓዳዋም ትዝ አላት።

"ጨዋነቱስ ሸጋ ነው" አለች። "ግን ይጠይቃል እንጂ መልስ አይጠብቅም። 'እንዴት ዋልሽ' ይልና አፍታ ሳይቆይ የራሱን ይቀጥላል።"

"ጎጆው ባዶ ነው እኮ! ማን ይመልስልኝ?" ሰውየው ጮኸ።

"ድምፅህን" አለች ሚስት። ቀነሰ።

"እውነቷን ነው" አለች አርቢዋ። "ለማይሰማ ሰው ወፍ አልሰጥም። ሌላ ሦስት ወር። በዚህኛው ወፏን ተክቶ የሚመልስ ሰው ይመደብ።" ስትወጣ ሚስቲቱን አይታ ፈገግ ያለች መሰለች፤ ጉዳዩ ግን እስካሁን አልተጣራም።

አቶ ጥንቃቄ በዚያኑ ምሽት ምደባውን አጸደቀ። ሚስቱ ከዛሬ ጀምሮ፣ ያለ ተጨማሪ ጥቅማጥቅም፣ ተጠባባቂ በቀቀን ሆናለች። ወንበሩን ስቦ ከጎጆው ፊት ተቀመጠ።

"እንዴት ዋልሽ?" አለ። ጠበቀም።

"ጉልበቴን አሞኝ ዋለ" አለች ተጠባባቂዋ ከመኪናው ጀርባ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአምና።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ባዶውን ጎጆ በሐዘን ተመለከተ። "ነገውኑ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ" አለው። ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለምና በማግሥቱ ሚስቱን በውክልና ወሰዳት። መድኃኒቱንም እሷው በውክልና ዋጠችው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ወግ ደራ። ተጠባባቂዋ መከረች፣ ቀለደች፣ አንዳንዴም ተቆጣች። የአዲሱን አለቃ ነገር ስታብጠለጥለው ሰውየው እስኪያነባ ሳቀ። መናፈሻውን ትቶ በጊዜ መግባት ጀመረ። በደስታው ብዛት አንድ ቅዳሜ ለሥራ ባልደረባው ከኮሪደሩ ስልክ ደወለ።

"እመነኝ፣ ገና ሳትመጣ ነው እንዲህ የተግባባነው! ምን አስተዋይ ናት መሰለህ! የልቤን ታውቃለች። ኧረ ሚስቴማ… ታውቃት የለ? ዝምተኛ ሴት ናት፤ የምትናገረው እንኳ የላትም።"

ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናው ቆመ።

"ሰምቼሃለሁ!" የሚል ድምፅ መጣ።

አቶ ጥንቃቄ ስልኩን ጣለ። በጣቱ እየተራመደ ሳሎን ገባ፤ መቀስ በእጇ ይዛ የተቀመጠችውን ሚስቱን አልፎ ሄደ፤ ባዶው ጎጆ ፊት ቆሞ ከወገቡ ዝቅ አለና በተሰበረ ልብ ይቅርታ ጠየቀ።

ይቅርታም፣ እንደ ማንኛውም ጉዳይ፣ መቅረብ ያለበት ለሚመለከተው አካል ነውና።