አምስተኛው ፍቺ

ሕዝብ ባልጸደቀ ቃል እየተነጋገረ ጉዳት እንዳይደርስበት፣ የመዝገበ ቃላት መሥሪያ ቤቱ ጉባኤ በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት ተሰየመ። አጀንዳው «ቢሾፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ኮንትራቱ በዚያው ሳምንት የሚያልቀው ተርጓሚ ግን ቃሉን በሰላም አስጸድቆ የዋና ዳይሬክተሩን ፊርማ ከማግኘት ሌላ ምኞት አልነበረውም።

«አንደኛ፣ ጳጳስ» ብሎ አነበበ። ጉባኤው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለተኛ፣ በቼዝ ጨዋታ ሰያፍ የሚሄደው ጠጠር።» ቀጥ ብሎ የማይሄድ ሹም ለአባላቱ እንግዳ ስላልሆነ ይህም ያለ ክርክር አለፈ። ሦስተኛዋ ደማቅ ቀይ ላባ ያላት ወፍ ነበረች። አራተኛው በቅመም የሚፈላ የወይን ጠጅ ሲሆን፣ ሁለት አባላት ሳይቀምሱ እጃቸውን ለማውጣት ኅሊናቸው እንደማይፈቅድላቸው ገለጹ።

«አምስተኛ፣ ግስ ሲሆን፤ ያረጀ ፈረስ ገበያ ላይ ወጣት እንዲመስል ጥርሱን መሞረድ።»

ጡረታቸው ሦስት ጊዜ የተራዘመላቸውና ጸጉራቸውን ቀለም ያስነኩት ዋና ዳይሬክተር ያስተከሉትን አዲስ ጥርስ ከከንፈራቸው በስተጀርባ ሸሸጉ።

«ማን ነው የላከህ?»

«የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ላይ ያለ ነው ጌታዬ። ከጥንት ጀምሮ።»

«ታዲያ እኔ ጥርሴን እስካስተክል ምን ይጠብቅ ነበር?»

«ኧረ ስለ ፈረስ ነው እኮ የሚለው!»

«አትቀልድብኝ! ፈረሱ እኔ ነኝ!»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን ያለ ብቅል ወጣ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ቀና ብላ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ‹ፈረሱ እኔ ነኝ› የሚለው በአስተያየት ነው የሚያዘው ወይስ በውሳኔ?» ስትል ጠየቀች። ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት።

ከረጅም ምክክር በኋላ ጉባኤው ሳይንሳዊ ማስተካከያ አደረገ። በአዲሱ ፍቺ መሠረት ጥርሱ የተሞረደ ፈረስ ወጣት አይመስልም፤ ወጣት ይሆናል እንጂ። ተርጓሚው ትክክለኛነቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ወረቀቱ ቀረበለት። አፈረ። ግን ሚስቱ ጠዋት ከቤት ሲወጣ «ዛሬስ አፍህን ያዝ» ያለችው ትዝ አለውና ፈረመ። ጭብጨባው ደመቀ።

ጉባኤው ሲያልቅ የኮንትራት ማደሻውን ይዞ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። እሳቸውም በአዲሱ ጥርሳቸው ሰፋ አድርገው ፈገግ አሉለት፤ ልቡም መለስ አለ። ወረቀቱን ተቀብለው አየት አደረጉና ሳይፈርሙ መለሱለት።

«ጸጉርህ ሸብቷል ልጄ» አሉት በሐዘኔታ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ መሥሪያ ቤት የእኛ የወጣቶቹ ነው።»