ጭቃው እስከ ቅዳሜ እንዲደርቅ ስለተወሰነበት ስብሰባ

የላይኛው ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የሽማግሌዎች ኮሚቴ፣ ሪሽታን ከተማ
የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 28። ኮዚም አታ 27 ነው ብለው ተከራክረው ነበር፤ በድምፅ ብልጫ 28 ሆኗል።

ቦታ፦ ከመስኖው ቦይ ዳር ያለው ሻይ ቤት፣ ከእንጆሪው ዛፍ ሥር፣ መድረኩ ላይ።

ሰዓት፦ ለአራት ሰዓት ተጠርቶ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ስምምነት ላይ ሲደረስ አራት ሰዓት ከሃምሳ ተጀመረ። እንደ ወትሮው ሁሉ በዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በተቀመጡበት ቦታ ተቀምጠዋል።

የተገኙ አባላት፦

ማማሲዲቅ አታ፣ ማለትም አባባ ማማሲዲቅ፣ ሰብሳቢ። እሑድ የልጅ ልጃቸውን ይድራሉ።

ኮዚም አታ። ቢላ መሥራት ትተዋል፤ ስለ ቢላ ማውራት ግን አልተዉም።

ሳልታናት ሆላ፣ ማለትም እትዬ ሳልታናት፣ የሴቶች ተጠሪ። የኮዚም አታ የወንድም ሚስት ስለሆኑ ሁለቱ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ተስማምተው አያውቁም።

ኡስታ ዮልቺ፣ የሰፈሩ አንጋፋ ሸክላ ሠሪ፤ «ኡስታ» የሙያ ጌታ ማለት ነው።

ተኝተው የተገኙ፦ ጡርዲአሊ አታ፣ 84 ዓመት። በኮሚቴው ልማድ መሠረት ማንኮራፋታቸው እንደ ድጋፍ ድምፅ ይቆጠራል። ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ባለጉዳይ፦ ሙአታር፣ 19 ዓመት፣ የኡስታ ዮልቺ የልጅ ልጅ። ሻይም የምትቀዳው እሷ ናት።

ጸሐፊ፦ ዲልነዋዝ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። የቀድሞው ጸሐፊ መነጽራቸው ላይ ስለተቀመጡ በጊዜያዊነት የተመደበች። ሰብሳቢው «የተባለውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊ» ብለው አዘዋል። ትእዛዙ ተፈጽሟል።

ቅድመ አጀንዳ

ሰብሳቢው ስብሰባውን ከመክፈታቸው በፊት በሻይ ጉዳይ ቅሬታ አቀረቡ። ለተከበረ ሰው ሻይ በጥቂቱ እየተቀዳ ቶሎ ቶሎ እንደሚደገም፣ ሲኒውን ሞልቶ መስጠት ግን «ጠጥተህ ሂድልኝ» እንደማለት መሆኑን አስታወሱ። ለሳቸው ግማሽ ሲኒ ተቀድቶ ለኡስታ ዮልቺ ግን ከሲኒው ግርጌ ብቻ ጠብ መደረጉን አመለከቱ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አይቼ ዝም ብያለሁ። ሰብሳቢው ማነው፣ እኔ ወይስ እሱ?» ብለዋል። ሙአታር ይቅርታ ጠይቃ የሰብሳቢውን ሻይ ወደ ሩብ አወረደች። ሰብሳቢው ረክተዋል፤ ጠምቷቸዋልም።

አጀንዳ 1፦ ስለ አሮጌው ላጋን አሟሟት

ላጋኑ፣ ማለትም የሰፈሩ ትልቁ ሰማያዊ ሳህን፣ በየሠርጉ ማለዳ ለሽማግሌዎች ፕሎቭ፣ ማለትም ሥጋ ያለበት ሩዝ፣ ሲቀርብበት አርባ ዓመት ኖሮ በፀደይ ወር ለሁለት ተከፍሏል። ሰብሳቢው ይህ የሆነው በእርጅና መሆኑን አስረዱ። ሳልታናት ሆላ ግን ሰብሳቢው «ሩዙ እንዳይበርድ» ብለው ላጋኑን በቀጥታ ፍም ላይ ሲያስቀምጡ በዓይናቸው ማየታቸውን፣ «ኧረ አታ፣ ሸክላ ነው፣ ድስት አይደለም» ማለታቸውን፣ ሰብሳቢውም «አርባ ዓመት የኖረ ይህን አይችልም?» ብለው እንደመለሱላቸው ተናገሩ።

ሰብሳቢው ይህ አንቀጽ እንዲሰረዝ አዘዋል። ጸሐፊዋ በንጹሕ ወረቀት ስትገለብጠው እንደምትሰርዘው ገልጻለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ላጋኑ በእርጅና እንዳረፈ ተወሰነ። ሦስት ድጋፍ (አንዱ ማንኮራፋት)፣ አንድ ተቃውሞ። ኡስታ ዮልቺ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር።

አጀንዳ 2፦ ስለ አዲሱ ላጋን

ሰብሳቢው ለእሑዱ ሠርግ አዲስ ላጋን ካልተገኘ ከታችኛው ሰፈር መዋስ ግድ እንደሚሆን አሳሰቡ። ባለፈው የተዋሰ ሰው በታችኛው ሰፈር በኩል ሲያልፍ እስከ ዛሬ «ራበህ እንዴ?» ይባላል።

ሀ/ ስፋት። ኮዚም አታ አዲሱ ላጋን ከታችኛው ሰፈር ላጋን እንዲበልጥ፣ ዲያሜትሩም አንድ ሜትር እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ኡስታ ዮልቺ የእቶኑ በር ስልሳ ሳንቲሜትር መሆኑን ተናገሩ። ኮዚም አታ በሩ ይስፋ አሉ። ሳልታናት ሆላ በሩ ከሚሰፋ እቶኑ ፈርሶ በላጋኑ ዙሪያ እንደገና ቢሠራ የተሻለ መሆኑን ገለጹ። የተናገሩት ለማሾፍ ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡ ድጋፍ አግኝቶ አልፏል።

ለ/ ሥዕል። ሰብሳቢው የተከፈተ ሮማን እንዲሳል፣ ፍሬውም እንደ ልጅ ልጆቻቸው ብዛት በትክክል ሃያ ሁለት እንዲሆን ጠየቁ። የልጅ ልጆቹን ስም እንዲዘረዝሩ ሲጠየቁ አሥራ ስምንት ላይ ቆመዋል።

ኮዚም አታ ቢላ የሌለበት ላጋን ላጋን አለመሆኑን፣ የተሳለ ቢላ ክፉን ከቤት እንደሚቆርጥ፣ ስለቱም ወደ ውጭ መዞር እንዳለበት አብራሩ። ማብራሪያው ሃያ አምስት ደቂቃ ወስዷል። ጸሐፊዋ በዚህ መካከል ቢላ ስለሳለች፣ ይቅርታ፣ እርሳስ ስለቀረጸች የተወሰነው አልተመዘገበም።

ሳልታናት ሆላ ከክፉ ዓይን የሚጠብቀው ቀይ ቃሪያ እንጂ ቢላ አይደለም አሉ። የማን ክፉ ዓይን እንደሆነ ሲጠየቁ ስም መጥራት እንደማይወዱ፣ ነገር ግን ሰውየው ጡረታ የወጣ መሆኑን ገለጹ። ኮዚም አታ «አንቺ ቃሪያ አያስፈልግሽም፤ ምላስሽ ይበቃል» ብለዋል። ሳልታናት ሆላ የኮዚም አታን ቢላ በወርቅ ቢገዙትም ቅቤ እንደማይቆርጥ መልሰዋል። ሰብሳቢው ሁለቱም እንዲታረሙ አሳስበው፣ ከሳቅ የተነሣ ማሳሰቢያውን መጨረስ አልቻሉም።

ኡስታ ዮልቺ ምን ይላሉ ተብለው ተጠየቁ። «ሰማያዊው ብቻውን ይበቃል» አሉ። ኮሚቴው ይህ ሐሳብ ሆኖ ስላላገኘው አልተወያየበትም።

ሐ/ ጊዜ። በዚህ ነጥብ ላይ ኡስታ ዮልቺ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገሩ። አንድ ላጋን በጥላ ሥር ለመድረቅ ብቻ አሥር ቀን እንደሚፈልግ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ እቶን እንደሚገባ፣ ዛሬ ሐሙስ እንደሆነ፣ ሠርጉም እሑድ እንደሆነ ዘረዘሩ። ሁሉም ሸክላ ሲደርቅ እያዩ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩን የሰሙት ግን እንደ አዲስ ነበር። ኮዚም አታ 27 ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይተርፈን ነበር ሲሉ ወቅሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጭቃው እስከ ቅዳሜ ቀትር እንዲደርቅ ተወሰነ። ውሳኔውን ለጭቃው የሚያደርሰው ማን እንደሆነ አልተገለጸም።

አጀንዳ 3፦ የሙአታር ጥያቄ

ባለጉዳይዋ የሻይ ማፍሊያውን አስቀምጣ ቆመች። ከአያቷ ዘንድ ስድስት ዓመት መማሯን፣ በሙያው ወግ ተማሪ ሥራውን በስሙ የሚያወጣው የሙያ ጌታው በሽማግሌዎች ፊት ወገቡን በመቀነት ሲያስረው ብቻ መሆኑን ተናገረች። ጥያቄዋ መቀነቱ እንዲታሰርላትና በአዲሱ ላጋን ጀርባ ስሟ እንዲጻፍ ነው።

ኮዚም አታ በሴት ልጅ ስም ላይ የተቀመጠ ፕሎቭ ቶሎ እንደሚበርድ ገለጹ። ማስረጃ ሲጠየቁ እስካሁን ማንም እንዳልሞከረው፣ ያልተሞከረውም ስለሚበርድ መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢው ሠርጉ የልጅ ልጃቸው እንደሆነ፣ እንግዶቹ ላጋኑን ገልብጠው የጌታውን ስም እንደሚፈልጉ፣ የልጅ ስም ቢያዩ ሰፈሩ ሰው አጣ እንደሚሉ ተናገሩ። ሳልታናት ሆላ ልጅቷን እንደሚወዷት፣ መቀነቱ ግን መጀመሪያ ሙሽራ ከሆነች በኋላ ቢታሰር እንደሚሻል አስተያየት ሰጡ።

ሙአታር የመለሰችው ይህን ብቻ ነው፦ «ሆላ፣ ባል በየትም ይገኛል። መቀነቱን የሚያስርልኝ ሰው ግን አንድ ነው፣ እሱም ሰባ አራት ዓመቱ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ኡስታ ዮልቺ ዞረው «አንተ ምን ትላለህ? ልጅህ ናት» አሉ። ኡስታ ዮልቺ በባዶ ሆድ እንደማይናገሩ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ እንደሚመልሱ ገለጹ። ኮሚቴው ይህን እንደ እምቢታ ወስዶታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጥያቄው ውድቅ እንዲሆን፣ የሴት ልጅ ስምም በሰፈሩ ላጋን ላይ ለወደፊቱ ጭምር እንዳይጻፍ ተወሰነ። ጡርዲአሊ አታ በዚህ ጊዜ ስላላንኮራፉ ድምፀ ተዐቅቦ ተመዝግቦላቸዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ፤ እነሱም ምሳ

ፕሎቩን ያመጣችው ሙአታር ናት። በጨርቅ የተሸፈነው ሳህን ከባድ ስለነበር ጸሐፊዋ በአንድ በኩል ይዛለች። ሙአታር ሳህኑን መሐል ካስቀመጠች በኋላ ጥቂት ወደ ግራ፣ ከዚያ የጣት ያህል ወደ ቀኝ አዞረችው። ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም። ጨርቁ ሲነሣ ሩዙ ተቆልሎ እስከ ጠርዙ ስለነበር ከሳህኑ ምንም አይታይም። ጡርዲአሊ አታ በምግቡ ሽታ ነቅተዋል።

ሁሉም እንደ ወጉ እያንዳንዱ ከፊቱ ብቻ በላ። በሌላው ፊት እጅ መስደድ ያደገ ሰው ሥራ አይደለም።

በመጀመሪያ የጮኹት ኮዚም አታ ናቸው። ከፊታቸው ሩዙ ሲጎድል የቢላ ሥዕል ወጣ፤ ስለቱ ወደ ውጭ የዞረ፣ እጀታው ላይ የሳቸው የቀድሞ ምልክት ያለበት። አሸነፍኩ ብለው ተነሡ። እሳቸው ገና ሳይቀመጡ ከሳልታናት ሆላ ፊት ቀይ ቃሪያ ወጣ፤ ጫፉም በቀጥታ ወደ ኮዚም አታ ያመለክታል። ሰብሳቢው ይህን ሲያዩ ሥጋውን ትተው ሩዙን በጣታቸው ይጠርጉ ጀመር። ከሥሩ የተከፈተ ሮማን አገኙ። ፍሬውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሃያ ሦስት ነው። ተሳስቷል ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ እሑድ በጋብቻ አንድ ልጅ እንደሚጨመርላቸው ትዝ ስላላቸው በቆባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሽንኩርቱ ነው ብለዋል።

ምንም ያልጠየቁት ጡርዲአሊ አታ ከፊታቸው አንዲት ድርጭት አገኙ። ድርጭቷ ተኝታለች።

በኡስታ ዮልቺ በኩል ምንም አልተሳለም፤ ሰማያዊ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ላጋኑ መቼ እንደተሠራ ጠየቁ። ሙአታር ኮሚቴው ለሠርግ የሚሰበሰበው ሁልጊዜ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው መሆኑን ስለምታውቅ ባለፈው ወር እንደተጀመረ መለሰች። ምን እንደሚፈለግ በምን ታወቀ ተብላም ተጠየቀች። ሁሉም ይህንኑ ሲናገሩ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሻይ እየቀዳች መስማቷን ገለጸች።

ሰብሳቢው ቆመው ንግግር አደረጉ። በቢላው ላይ ጣታቸውን እየሳቡ «ይህን መስመር እዩ። ፀጉር ያህል እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ይሄ የስልሳ ዓመት እጅ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ሴት ልጅ እንዲህ ትስላለች?» አሉ። ሳልታናት ሆላም ሳይቀሩ ተስማሙ። ከዚያም የጌታው ስም እንዲነበብ ላጋኑ ይገልበጥ ተባለ። የቀረውን ሩዝ ጡርዲአሊ አታ በፈቃደኝነት አንሥተዋል።

ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ተኮማትሮ፣ ተጣምሞ፣ ከቀለም ውስጥ የወጡ ጉንዳኖች የሄዱበት ይመስል ነበር። ማንም ሊያነበው ስላልቻለ ለጸሐፊዋ ተሰጠ። እንዲህ ይላል፦

«የሠራችውም የሣለችውም ሙአታር ናት። እኔ ይህን ብቻ ጻፍኩ። ዮልቺ።»

ሰብሳቢው ጽሑፉን አዩ። ላጋኑን ገልብጠው ቢላውን አዩ። እንደገና ጽሑፉን አዩ። ከዚያ የኡስታ ዮልቺን ሲኒ አዩ፤ ሻዩ ከግርጌዋ ብቻ ነው።

«ታዲያ ሻዩን…» አሉና አቆሙ።

«እንዳይፈስብኝ ነው» አሉ ኡስታ ዮልቺ። «ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ መንቀጥቀጥ ስትቀና ነበር፣ ማማሲዲቅ።»

ኮዚም አታ መሳቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ሳልታናት ሆላ፣ በመጨረሻ ሰብሳቢው፤ የሻይ ቤቱ አሳላፊ ሰው ታመመ ብሎ ውኃ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ተሳቀ።

ኡስታ ዮልቺ አሁን ጠግበው ስለነበር መልሳቸውን ሰጡ፤ ከኪሳቸው የታጠፈ መቀነት አወጡ። ወገቧን አዞሩላት፣ ቋጠሮው ግን በጣታቸው እምቢ አለ። ሙአታር በወጉ ራሷን ማሰር ስለማትችል እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። ሰብሳቢው አንዱን ጫፍ ያዙ። ኮዚም አታ ሌላውን ያዙና አንተ አትችልም ተባባሉ። ሳልታናት ሆላ «ወንድ ቋጠሮ ሲያውቅ አላየሁም» ብለው መሐል ገቡ። ኡስታ ዮልቺ እጃቸውን ከሁሉም በላይ ጫኑ። በዚህ ሁኔታ የታሰረውን ቋጠሮ እስከ ማምሻው ድረስ መፍታት አልተቻለም፤ ሙአታርም አልሞከረችም።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። እቶኑ አይፈርስም። ጭቃ በሚመቸው ጊዜ ይድረቅ። የሴት ልጅን ስም የሚከለክለው ውሳኔ፣ ውሳኔው ከመተላለፉ ከአሥር ቀን በፊት ከእቶን በወጣ ላጋን ላይ ስለማይሠራ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ኮሚቴው የተሰበሰበው ምሳ ለመብላት እንደነበር ይመዝገብ። ቀኑም 27 ይሁን ብለው ኮዚም አታ ጠይቀው፣ ለደስታው ሲባል ተፈቅዶላቸዋል።

የማይሻር አንድ አዲስ ውሳኔ አለ፤ ማማሲዲቅ አታ አዲሱን ላጋን ፍም ላይ እንዳያስቀምጡ። በሙሉ ድምፅ አልፏል፤ ጡርዲአሊ አታ ነቅተው፣ እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል።

ስብሰባው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ። ጸሐፊዋ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣለች። የሚሰረዘውን አንቀጽ ረስታዋለች።