የቁም ሙሾ አውራጁ

በ፳፻፲፮ ዓመተ ምሕረት ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሳልሞት ተለቀሰልኝ። አትሳቁ! ገደፋው የሚባል የሰፈራችን ማሲንቆ መቺ፣ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ እያወረደ በስልክ ቪዲዮ የሚለቅ ቀልደኛ አለ። የላሊበላ ከተማ በሙሉ እየሳቀ ዝነኛ አደረገው። ታዲያ ሳቁ ሲቀዘቅዝበት ወደኔ ዞረ፤ ፎቶዬን ለጥፎ "ወይ አያ መከተ!" እያለ አላዘነ። የሰው ሳቅ የለመደ፣ መቃብርስ ቢሆን ያልፈዋል?

ታላቅ እህቴ ይህን ሙጃ ከተማ ሆና ሰማች። ቀልድ መሆኑን ማን ይንገራት? ንፍሮ አስይዛ፣ ለቀስተኛ አስከትላ፣ ደረቷን እየደቃች ደጄ ደረሰች።

"እትዬ፣ አለሁ እኮ!" አልኳት።

አየችኝ። "ዝም በል አንተ! ይህን ሁሉ ሰው ከሙጃ አምጥቼ ሳላስለቅስ ልመልሰው?" ብላ ለቅሶዋን ቀጠለች።

ሁሉም ከበውኝ፣ ስሜን እየጠሩ አለቀሱ፤ አንዳቸውም ዓይኔን አላዩም። "አለሁ" ስል ድምፄ ለራሴም ራቀብኝ። እግሬን ብዳስሰው ቀዝቅዟል። ሲሄዱ ሚስቴን "እግዜር ያጥናሽ" አሏት፤ እኔን የተሰናበተኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ደጃፍ ሄጄ "እንዴት አደርሽ?" አልኳት። "በስመ አብ!" ብላ አማትባ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። እኔም መልስ ሳላገኝ ላልነሳ ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ።