ከእኔ አምስት ወር የቀደሙት ሰው

የትም አገር ብትሄዱ፣ ከእናንተ ጥቂት ወር ቀድሞ የደረሰ አንድ የአገር ልጅ አይጠፋም። አገሩን እሱ የሠራው ይመስል ያውቀዋል። እዚያው ተወልደው ያረጁት አንዳንድ ነገር ይጠራጠራሉ፤ እሱ ግን አይጠራጠርም።

የእኔው ሰው ጋሼ ቀዳሚ ናቸው። ይህ ስማቸው ሳይሆን እኔ ያወጣሁላቸው ማዕረግ ነው። በአውቶቡስ ድንበሩን ተሻግሬ ጎረቤት አገር የገባሁ ዕለት፣ አንድ ዘመድ ነግሯቸው ኖሮ መናኸሪያ ጠበቁኝ። በአንድ ስፌት ቤት ልብስ ይተኩሳሉ፤ ለእኔም እዚያው ሥራ ለምነውልኛል። ሻንጣዬን ነጥቀውኝ ፊት ፊት እየሄዱ አገሩን ማስረዳት ጀመሩ።

«እዚህ አገር፣ ልጄ፣ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አያወራም።» በየጥጉ ሰው ቆሞ ያወራል። «እዚህ አገር ከሰዓት በኋላ አይዘንብም።» በዚህ አልዋሹም፤ ዝናቡ የወረደብን ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው።

እኔ ደግሞ የማዶ ሰማይ ሌላ ቀለም ያለው ይመስለኝ ነበር። ሰማዩ ያው ነው። ቋንቋውም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ዜማው ብቻ ከፍ ስለሚል ሰዎቹ ሲሰናበቱ የተቆጡ ይመስላሉ። በሮቹ ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈቱት። በመጀመሪያው ቀን ሦስት በር ገፍቼ እምቢ አለኝና ደጅ ቆሜ ቀረሁ። ሆዴ ባባ፤ እንዲህ ብዬ አንጎራጎርኩ፦

ተሻገርኩት ብዬ ያንን ቀጭን ድንበር፣
ልቤ ወዲያ ማዶ ቆሞ ሲደናበር።

ጋሼ ቀዳሚ ዘወር ብለው መንገድ ላይ እንደማይዘፈን አስጠነቀቁኝ። ያን ጊዜ አንድ ሙዝ ሻጭ ጉሮሮውን ከፍቶ እየዘፈነ በመሃላችን አለፈ። አላዩትም።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ቃል የሚቆጥቡ ወይዘሮ ናቸው። የአንድ ሳምንት ሙከራ ሰጡኝ፤ ካልሆነልኝ የቅዳሜው አውቶቡስ አለ። እኔ ግን የምመለስበት የለኝም። ያለኝን አንድ የስፌት መኪና ለታናሽ እህቴ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ለሁለታችን አልበቃም።

በሦስተኛው ቀን የስድስት አስተናጋጆች ሱሪ ተሰጠኝ። ወይዘሮዋ ጨርቁ ላይ በጠመኔ አስምረውበታል። በእኛ ዘንድ የጠመኔ መስመር መርፌው የሚሄድበት ነው፤ መቀሱ አንድ ጣት ርቆ በውጭ ይዞራል። መስመሩ ሰፋ አለብኝና ወይዘሮዋን ልጠይቅ ስነሳ፣ ጋሼ ቀዳሚ ካውያቸውን እንደያዙ እጄን ያዙኝ። እዚህ አገር የጠየቀ ሠራተኛ ሥራ አይችልም እንደሚባል በሹክሹክታ ነገሩኝ። እንግዲያውስ ምን ላድርግ ብላቸው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ «እንደኛው ነው፤ አንድ ጣት አትርፊ» አሉ።

አተረፍኩ። ቆረጥኩ፤ መስመር መስመሩን ይዤ ሰፋሁ። ለካ እዚህ ለስፌት የሚተርፈው መስመሩ ውስጥ ታስቦ ያለቀ ኖሯል፤ መቀሱ መሄድ የነበረበት በመስመሩ በራሱ ላይ ነው። በማግስቱ ወይዘሮዋ አንዱን ሱሪ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አነሱት። አንድ አስተናጋጅ ከነወንድሙ ይገባበታል።

«ይሄ ሱሪ ነው መጋረጃ?»

ማሽኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ወይዘሮዋ ከመስመሩ ውጭ ቁረጪ ያለኝ ማን እንደሆነ ጠየቁ። መናኸሪያ ድረስ መጥቶ የተቀበለኝን ሰው በምን አፌ አሳብቅበታለሁ? ቅዳሜን አሰብኩ። እህቴ መኪናው ላይ አቀርቅራ ታየችኝ፤ ተነሺልኝ ልላት ነው?

ያን ጊዜ ካውያው ማረፊያው ላይ ቋ ሲል ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ቀዳሚ። ያን ሁሉ ሰው፣ አምስት ወር ሙሉ ምክር የሰጡትን ሰው ሁሉ ሳያዩ፣ ወለሉን እያዩ። «ጠይቃኝ ነበር። አላውቅም ማለት ከበደኝ። እኔ እተኩሳለሁ እንጂ ጨርቅ ሲቆረጥ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ልጅቷን አይስደዷት።»

ወይዘሮዋ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ ጠቦ ቢሆን ኖሮ ያለቀለት ነበር አሉ፤ ሰፊ ግን ይጠባል። እጄ ደግሞ ክፉ አይደለም። «በምሳ ሰዓታችሁ ተርትራችሁ አጥብቡት» ብለው ሄዱ። ስለ ቅዳሜ ያሉት ነገር የለም።

በምሳ ሰዓት ስድስቱን ሱሪ ከምረን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጋሼ ቀዳሚ ምንም አልተናገሩም። ስለ ዝናቡም፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ አገሩም አንዲት ቃል የለም። ጉንጫቸው ጎድጎድ ብሎ ድንገት ያረጁ መሰሉኝ። ከቅዳሜው አውቶቡስ የባሰ ያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝ። አንዱን ሱሪ አንስቼ ወደሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ ከየት በኩል ነው የሚተረተረው?»

ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከግራ» አሉ፣ ያለ አንዳች ጥርጥር።

ሱሪውን አዙሬ ከግራ ጀመርኩ።