የውሻዋ አያት ስም

የውሻቸውን ዘር ቆጥረው የማይጠግቡ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን የገጠመኝ ከገዛ ቤቴ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጁ በምንባልበት ዘመን፣ ልጄ ለእናቱ ቀብር ከአዲስ አበባ መንዝ መጣ፤ በካፖርቱ ኪስ ከድመት ግልገል የማትበልጥ ውሻ ይዞ።

ለቀስተኛው መሐል ተቀምጦ ታሪኳን ያወራ ጀመር። ዘሯ ቺዋዋ ይባላል። መነሻው ሜክሲኮ ነው፤ ጥንት ነፍስን መንገድ ይመራል ተብሎ ከሟች ጋር ይቀበር ነበር አሉ።

«ሜክሲኮ አደባባዩ ጋ?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ።

«አገሩ ነው እንጂ፣ እትዬ! እናቷ ሉሲ፣ አያቷ ቤላ። የዘሯ ወረቀት አላት።»

«የእኛ ውሻ ወረቀት የለውም፤ ጅብ ግን ያውቀዋል።»

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ፍትሐት ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ ልጄ ዞሩ። የሚስቴ የነፍስ አባት ቀድመዋት ስላረፉ፣ እኚህ ለደብሩ አዲስ ነበሩ።

«የእናትህ የክርስትና ስም ማን ነው? ነፍሷን የምናስበው በእሱ ነው።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የውሻ አያት ቆጣሪ! የእናትህ ስም ጠፋህ?» ብዬ ጮህኩበት።

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኛ» አሉ ቄሱ።

ሠላሳ ዓመት «አንቺ» ስላት ኖሬአለሁ። የክርስትና ስሟን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ቄሱ «ወለተ...» ብለው ጥቂት ጠበቁን። ከለቀስተኛውም የሚመልስ ጠፋ። ቀሪውን ሳይሞሉት ጸሎቱን ቀጠሉ።

የውሻዋ አያት ግን ቤላ ትባል ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።